መጀመሪያ ሸክሙን መቀነስ፣ ቀጥሎ ማሽኑን መምረጥ፦ የኢምፓየር ስቴት ሕንጻ የኃይል ቆጣቢነት እድሳት

በኒው ዮርክ ከተማ ማንሃተን መሀል የቆመው ኢምፓየር ስቴት ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1931 ተመርቆ ሲከፈት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ረጅሙ ሕንጻ ነበር፤ ይህንንም ክብር አርባ ዓመት ያህል ይዞ ቆይቷል። ሕንጻው 102 ፎቆችና ከ250 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የወለል ስፋት ያለው ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍል ለቢሮ የሚከራይ ነው። ዝናው ሳይቀንስ ዕድሜው ግን ተጭኖት ስለነበር፣ ባለንብረቶቹን በመወከል ሕንጻውን ይመሩ የነበሩት አንቶኒ ማልኪን ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ አጠቃላይ የእድሳት ፕሮግራም ጀመሩ። በ2008 በዚህ ፕሮግራም ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተጨመረበት፦ ያረጀን ትልቅ የንግድ ሕንጻ ከሥር ከመሠረቱ ኃይል ቆጣቢ አድርጎ ማደስ በንግድ ሚዛን ሲታይ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ጥያቄው ከልብ የቀረበ ነበር። የሚያዋጣ ከሆነ ሌሎች ባለንብረቶች ሊከተሉት የሚችሉ መንገድ ይሆናል፤ የማያዋጣ ከሆነም ያንኑ በግልጽ ማሳወቅ እንደሚገባ ከመነሻው ታስቦ ነበር።

በኒው ዮርክ ከተማ ከሚለቀቀው ካርበን ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሕንጻዎች የሚመነጭ በመሆኑ ጥያቄው የአንድ ባለንብረት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አዳዲስ ሕንጻዎችን በጥራት መሥራት አስፈላጊ ቢሆንም፣ ወደፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎች የሚሠሩባቸው ቢሮዎች አብዛኞቹ ዛሬ ቆመው ያሉት ናቸው። እነዚህን አፍርሶ እንደገና መገንባት ደግሞ ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለመስታወት ምርት የሚወጣውን ካርበን አዲስ ዕዳ አድርጎ መጨመር ነው። ስለዚህ የነባር ሕንጻ እድሳት የሚታለፍ አማራጭ አይደለም።

መነሻው

ከእድሳቱ በፊት ሕንጻው ለኃይል በዓመት 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይከፍል ነበር። የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ ጣሪያ ላይ በሚደርስበት ሰዓት 9.5 ሜጋ ዋት ያህል ይስብ የነበረ ሲሆን፣ ማሞቂያው የሚሠራው ከከተማዋ የእንፋሎት መስመር በሚገዛ እንፋሎት ነበር። ለጥናቱ የተሰባሰቡት አካላት የክሊንተን ፋውንዴሽን የአየር ንብረት ፕሮግራም፣ የኃይል ጥናት ተቋሙ ሮኪ ማውንቴን ኢንስቲትዩት፣ የሕንጻ መሣሪያዎችና መቆጣጠሪያዎች ኩባንያው ጆንሰን ኮንትሮልስ እና የሪል እስቴት ኩባንያው ጆንስ ላንግ ላሳል ነበሩ። ቡድኑ ለስምንት ወራት ያህል ከባለንብረቱ መሐንዲሶች ጋር ሠርቶ ከ60 በላይ ሐሳቦችን ካሰባሰበ በኋላ፣ የሕንጻውን የኃይል አጠቃቀም በኮምፒዩተር ሞዴል እየፈተሸ ወደ ስምንት ፕሮጀክቶች አወረዳቸው። ውጤቱ በሚያዝያ 2009 ለሕዝብ ይፋ ሲሆን፣ የሕንጻው የኃይል ፍጆታ በ38 በመቶ፣ የኃይል ወጪውም በዓመት በ4.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ፣ በ15 ዓመታት ውስጥም 105 ሺህ ሜትሪክ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ እንደሚቀር ተገመተ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ በእኔ እምነት ትምህርት የሚገኘው ፕሮጀክቶቹ ከታሰቡበት ቅደም ተከተል ነው። በተለመደው አሠራር ቺለር (ለሕንጻው አየር ማቀዝቀዣ የሚሆነውን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ትልቅ ማሽን) ሲያረጅ መሐንዲሱ የነበረውን አቅም ይመለከታል፣ ለመተማመኛ ትንሽ ይጨምርበታል፣ አዲስ ማሽን ያዛል። ሙቀቱ ከየት እንደሚገባ፣ ሊቀንስ ይችል እንደሆነ ጠያቂ የለም፤ መስኮቱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው፣ መብራቱም የተከራዩ ጉዳይ ነው። በኢምፓየር ስቴት ሕንጻ ግን ጥያቄው ተገልብጦ ከመስኮቱ ተጀመረ።

መስኮቱና ራዲያተሩ

ሕንጻው 6,514 መስኮቶች አሉት። እያንዳንዱ መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ሁለት ክፈፎች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፈፍ ውስጥ በመካከላቸው አየር የያዙ ሁለት መስታወቶች አሉ፤ በጠቅላላው 26 ሺህ ያህል መስታወት ማለት ነው። መስኮቶቹ ያን ያህል ያረጁ ስላልነበሩ ነቅሎ መጣሉ አያሳምንም፤ እንዳሉ መተዉ ደግሞ በብርዱ ወራት የሚወጣውን፣ በሙቀቱ ወራት የሚገባውን ሙቀት ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ዝም ብሎ መቀበል ነበር። የተመረጠው ሦስተኛ መንገድ፣ ያሉትን መስታወቶች እዚያው ሕንጻ ውስጥ እንደገና መሥራት ሆነ።

ለዚህ ሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ወርክሾፕ ተቋቋመ። ሠራተኞች ማታ ተከራዮች ቢሮ ለቀው ከወጡ በኋላ ክፈፎቹን ያወርዳሉ፤ በወርክሾፑ ሁለቱ መስታወቶች ይለያያሉ፣ አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ ይነሣል፣ መስታወቱ ይታጠባል። ከዚያም በሁለቱ መስታወቶች መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን ወደ መጣበት የሚመልስ ስስ ፊልም ይወጠራል፤ ክፍተቱም ከአየር ያነሰ ሙቀት በሚያስተላልፉት በአርጎንና በክሪፕተን ጋዞች ይሞላና ዳር ዳሩ ታሽጎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ መልኩ የመስኮቱ ሙቀት የመከላከል አቅም ወደ ሦስት እጥፍ ያደገ ሲሆን፣ ከነባሩ መስታወትና ፍሬም 96 በመቶ ያህሉ ዳግም አገልግሎት ላይ ውሏል። ይህ የመጨረሻው አኃዝ በኃይል ሂሳብ ደረሰኝ ላይ የማይታይ ጥቅም አለው፤ ያልተመረተ መስታወት፣ በመኪና ያልተጓጓዘ ፍሬም፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ ያልሄደ ስብርባሪ ሁሉ የቀረ ካርበን ነው።

ከመስኮቱ ሥር ደግሞ በእንፋሎት የሚሠራው ራዲያተር አለ። ራዲያተሩ ጀርባውን ለውጭው ግድግዳ ሰጥቶ ስለሚቀመጥ፣ ከሚያወጣው ሙቀት አንድ ክፍል ሰው ወደሚሠራበት ክፍል ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ከግድግዳውም ወደ ጎዳና ይወጣል። መፍትሔው በጣም ቀላል ነበር፦ ከእያንዳንዱ ራዲያተር ጀርባ አንጸባራቂ ገጽ ያለው የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ማስገባት። ይህ ሥራ ብቻውን ከሕንጻው የኃይል ፍጆታ 3 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገምቷል። ከስምንቱ ሁሉ ትንሹን ትኩረት የሚያገኘው ይህ ፕሮጀክት ነው፤ ሆኖም የማይንቀሳቀስ፣ የማይበላሽ፣ ጥገና የማይጠይቅ ነገር በመሆኑ አንድ ጊዜ ከገባ ለዘለቄታው ይሠራል።

ቺለሩ

ሙቀት በመስኮት የሚገባው ሲቀንስ፣ መብራቱም ሙቀት የሚረጨው ሲቀንስ፣ አየር ማቀዝቀዣው የሚሸከመው ያን ያህል ይቀላል። በሕንጻው የተደረገው ስሌት እንዳሳየው፣ ከባድ ሙቀት በሚኖርበት ቀን የሚያስፈልገው የማቀዝቀዝ አቅም በሲሶ፣ ማለትም በ1,600 ቶን ያህል ይቀንሳል። በዚህ ሙያ ቋንቋ አንድ ቶን ማለት 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ከሕንጻ የማውጣት አቅም በመሆኑ፣ የተገኘው ቅናሽ ከ5 ሜጋ ዋት የሚበልጥ የማቀዝቀዝ ሥራ ነው።

ቀድሞ የነበረው ዕቅድ የቺለሩን ክፍል በአዲስና በበለጠ አቅም ለመተካት 22 ሚሊዮን ዶላር ያህል መድቦ ነበር። ሸክሙ በሲሶ ሲቀንስ ግን ትልቅ ማሽን የሚገዛበት ምክንያት ጠፋ። የነበሩት ቺለሮች ውጫዊ አካላቸው ሳይነካ የውስጥ ክፍሎቻቸው ተለውጠው፣ ሞተሮቻቸውም እንደ ፍላጎቱ ፍጥነታቸውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ተገጥሞላቸው በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊታደሱ ቻሉ። ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከበጀቱ ተረፈ ማለት ነው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመስኮቱ ሥራ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚፈጅና በዓመት 410 ሺህ ዶላር እንደሚያድን ተገምቶ ነበር፤ ብቻውን ሲታይ ወጪውን ለመመለስ 11 ዓመት ያስፈልገዋል። የሦስትና የአራት ዓመት መመለሻ የለመደ የፋይናንስ ኃላፊ እንዲህ ያለውን ሐሳብ በመጀመሪያው ስብሰባ ይጥለዋል፤ በብዙ ሕንጻዎችም የተጣለው በዚሁ ምክንያት ነው። የራዲያተሩ ንጣፍም 2.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ስለሚጠይቅ ከመስኮቱ የተሻለ ዕድል አይኖረውም ነበር። ሁለቱ ተደምረው ግን ከ7.5 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ ወጪ ሲሆኑ፣ መስኮቱ ከመብራቱ ቅናሽ ጋር ሆኖ በቺለሩ በኩል ያስቀረው ወጪ ከዚህ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። አንድ በአንድ ሲመዘኑ የሚወድቁ ሥራዎች አብረው ሲመዘኑ ያልፋሉ። ትልቁ የስሌት ስህተት የሚፈጸመው እያንዳንዱን ሥራ ለየብቻው በመመለሻ ዓመቱ መድቦ፣ ከላይ ያሉትን ሁለትና ሦስት ብቻ በመምረጥ ነው፤ የቀሩትም በኋላ ለብቻቸው ሲመጡ ማንም አይቀበላቸውም።

ይህ ስሌት እንዲሠራ ጊዜውም መግጠም ነበረበት። ቺለሮቹ የእድሳት ወይም የመለወጫ ጊዜያቸው ደርሶ ስለነበር ቀድሞ የተመደበ በጀት ነበር። ማሽኑ ከአምስት ዓመት በፊት ተለውጦ ቢሆን ኖሮ የሚቀር ወጪ አይኖርም፤ የመስኮቱም ሂሳብ 11 ዓመቱን ይዞ ይቀር ነበር።

አየርና መቆጣጠሪያ

ከስምንቱ ፕሮጀክቶች ከፍተኛውን ቅናሽ፣ ከሕንጻው የኃይል ፍጆታ 9 በመቶ ያህል፣ ያስገኛል የተባለው ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይመስለው የዲጂታል መቆጣጠሪያ ነው። ያረጁና የተበታተኑ መቆጣጠሪያዎች ያሉት ትልቅ ሕንጻ በአንድ በኩል እየሞቀ በሌላ በኩል እየቀዘቀዘ ሊውል ይችላል፤ ሰው የሌለበት ፎቅም ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲነፍስበት ያድራል። ቫልቮችና ማራገቢያዎች ከሴንሰር መረጃ እየተቀበሉ በማዕከል መታዘዝ ሲጀምሩ ይህ ብክነት ይታያል፤ ከታየ ደግሞ ይታረማል።

አየር ማሰራጫዎቹን በተመለከተም የቆየው ዕቅድ በየፎቁ አራት በጣሪያ የሚንጠለጠሉ መሣሪያዎችን ማስገባት ሲሆን፣ በምትኩ ወለል ላይ የሚቆሙ ሁለት መሣሪያዎች ተመረጡ። የአየሩን መጠን እንደ ፍላጎቱ የሚለዋውጡ በመሆናቸው ኃይል ይቆጥባሉ፤ ቁጥራቸው በግማሽ መቀነሱ ጥገናን ያቀላል፣ ለሠራተኞችም ድምፃቸው ያነሰ ነው። በተጨማሪም በክፍሎች ውስጥ ያለውን የካርበን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚለኩ ሴንሰሮች ተገጥመው፣ ከውጭ የሚገባው አየር በውስጥ ባለው ሰው ብዛት እንዲወሰን ተደረገ። ከውጭ የገባ አየር ሁሉ መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ ስላለበት፣ ባዶ የስብሰባ አዳራሽን በንጹሕ አየር መሙላት በቀጥታ ገንዘብን ማባከን ነው።

ተከራዩ

በንግድ ሕንጻ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ አስቸጋሪው ነገር ወጪውን የሚያወጣውና ጥቅሙን የሚያገኘው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ባለንብረቱ የተሻለ መብራት ቢያስገባ የኤሌክትሪክ ሂሳቡ የሚቀንሰው ለተከራዩ ነው። ተከራዩ ራሱ እንዳያስገባው ደግሞ ውሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል። ሂሳቡ በቆጣሪ ሳይሆን በካሬ ሜትር የሚከፈል ከሆነ ደግሞ መብራት ሳያጠፋ ወደ ቤቱ የሚሄደውም የሚያጠፋውም እኩል ይከፍላሉ።

ከታቀደው 38 በመቶ ቅናሽ ውስጥ፣ ከጠቅላላው ፍጆታ 9 በመቶ የሚሆነው በቀጥታ በተከራዮች እጅ ያለ ነበር፦ 6 በመቶው በቀን ብርሃን በመጠቀም፣ መብራትን በማሻሻልና ሶኬት ላይ የሚሰኩ መሣሪያዎችን ፍጆታ በመቀነስ፣ 3 በመቶው ደግሞ ተከራዮች የራሳቸውን ፍጆታ እንዲከታተሉ በማድረግ። ለዚህም ለየተከራዩ የተለየ ቆጣሪ ማስገባትና መረጃውን በኮምፒዩተር እንዲያዩት ማድረግ አስፈለገ። አዳዲስ ተከራዮች ቢሮአቸውን ሲያደራጁም የሚከተሉት መመሪያ ተዘጋጀ፤ ጠረጴዛዎች ወደ መስኮት ቀርበው፣ ዝግ ክፍሎች ወደ መሀል ገብተው፣ በመስኮት ዳር ያሉ መብራቶች በቂ የቀን ብርሃን ሲኖር ራሳቸው እንዲደበዝዙ ማለት ነው። ይህ ግን ውል ሲታደስና ተከራይ ሲለዋወጥ ብቻ የሚፈጸም በመሆኑ ዓመታትን ይጠይቃል፤ በአዋጅ አንድ ቀን የሚጀመር ነገር አይደለም።

ወጪው

ከኃይል ጋር ግንኙነት ላላቸው ሥራዎች ቀድሞ ተይዞ የነበረው በጀት 93 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ በአዲሱ ዕቅድ ወደ 106 ሚሊዮን ከፍ አለ። ልዩነቱ፣ 13.2 ሚሊዮን ዶላር፣ የኃይል ቆጣቢነቱ እውነተኛ ዋጋ ነው። በዓመት ከሚጠበቀው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ጋር ሲነጻጸር በሦስት ዓመት ይመለሳል። እዚህ ላይ የማይዘለል ማስጠንቀቂያ አለ፦ የሦስት ዓመቱ መመለሻ የሚሠራው ሕንጻው ለማንኛውም ሊታደስ ስለነበር ነው። የእድሳት ዕቅድ የሌለው ባለንብረት ይህንን ቁጥር ወስዶ ለቦርዱ ቢያቀርብ ራሱንም ቦርዱንም ያሳስታል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተመረጠው ጥቅል በገንዘብ ከሁሉ የሚያተርፈው አለመሆኑ ነው። ከፍተኛውን የተጣራ ትርፍ የሚሰጠው አማራጭ ሊቀነስ ከሚችለው ካርበን ብዙውን ይተው ነበር፤ ካርበኑን እስከ መጨረሻው ጠብታ ለመቀነስ የታሰበው ደግሞ ባለንብረቱን ለኪሳራ ይዳርግ ነበር። የተወሰነው በሁለቱ መካከል፣ ትርፉ ሳይጠፋ የካርበን ቅነሳው ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ ነው። ይህንን ምርጫ በግልጽ ጽፈው ማስቀመጣቸው ለሥራው ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል።

የተለካው

የ38 በመቶው ቁጥር የሞዴል ግምት ነው፤ የተለካው ለብቻው መታየት አለበት። ጆንሰን ኮንትሮልስ ሥራውን የወሰደው የተወሰነ ቁጠባ እንደሚገኝ ዋስትና በሰጠበት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ውል ነው፤ ቁጠባው ከተባለው በታች ቢሆን ልዩነቱን የሚከፍለው ሥራ ተቋራጩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2011፣ ቁጠባው ከዋስትናው በ5 በመቶ በልጦ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በሦስተኛው ዓመት ብልጫው ወደ 16 በመቶ ተጠጋ፤ የሦስቱ ዓመታት ድምርም 7.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። በ2011 ሕንጻው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንጻ ምክር ቤት የሚሰጠውን የሊድ ወርቅ ደረጃ አግኝቷል።

በዓመት 2.4 ሚሊዮንና 4.4 ሚሊዮን መካከል ያለው ልዩነት ዕቅዱ ከሸፈ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ባለንብረቱ በራሱ ውሳኔ ጨርሶ በዋስትና ያስለካው ድርሻ ሲሆን፣ የሁለተኛው ቀሪ በየተከራዩ ቢሮ ውስጥ ተበታትኖ የውል ማብቂያውን የሚጠብቅ ነው። የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ሳያብራሩ 38 በመቶውን ብቻ የሚጠቅሱ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ የጉዳዩን ከባድ ክፍል ከአንባቢ ይደብቃሉ።

በዚያው በ2011 ሕንጻው የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ በሙሉ በነፋስ ኃይል ግዢ እንዲሸፈን ውል ተፈርሟል፤ መጠኑም በዓመት 55 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነበር። የታዳሽ ኃይል ግዢ የሚደነቅ ቢሆንም፣ እድሳቱ ቀድሞት መምጣቱ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ፍጆታ ሳይቀነስ የሚገዛ ታዳሽ ኃይል በማቀዝቀዣው ጫፍ ሰዓት የከተማዋን የኤሌክትሪክ መስመር አያሳርፍም፤ እድሳቱ ግን የሕንጻውን የጫፍ ሰዓት ፍላጎት በ3.5 ሜጋ ዋት እንደሚያወርድ ተሰልቶ ነበር።

ያልተፈታው

በ2019 የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ያወጣው 97ኛው ሕግ ከ25 ሺህ ካሬ ጫማ (ከ2,300 ካሬ ሜትር ገደማ) በላይ ለሆኑ አብዛኞቹ ሕንጻዎች የካርበን ጣሪያ አስቀመጠ። ጣሪያው ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፣ በ2030 ይበልጥ ይጠብቃል፤ ከጣሪያው በላይ ለሚለቀቅ ለእያንዳንዱ ቶን በዓመት 268 ዶላር ቅጣት ያስከፍላል። አሥር ዓመት ቀድሞ በፈቃደኝነት የተሠራው ሥራ በዚህ ሕግ ፊት የተለየ ትርጉም አገኘ፤ ያልተሠራ እድሳት ከዚህ በኋላ የዘገየ ትርፍ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚመጣ ዕዳም ሆኗል። ባለንብረቱ ድርጅት የሕንጻው ልቀት ከግማሽ በላይ መቀነሱን አስታውቋል። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት መንገድ ራሱ በጊዜ ሂደት ከመንጻቱ የመጣ ነው።

የቀረው ካርበን ከባዱ ነው። ራዲያተሮቹ ዛሬም የሚሞቁት ከከተማዋ መስመር በሚመጣ፣ በዋናነት የተፈጥሮ ጋዝ ተቃጥሎ በሚመረት እንፋሎት ነው። ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ንጣፍ እንፋሎቱን ይቆጥባል እንጂ አይተካውም። በሌላ በኩል፣ እንዲህ ባሉ ትልልቅ የቢሮ ሕንጻዎች በብርድ ቀን እንኳ መሀሉ ይሞቃል፤ ከኮምፒዩተር ክፍሎችና ከሰው ብዛት የሚወጣው ሙቀት በማቀዝቀዣ ማማዎች በኩል ወደ ሰማይ ይጣላል፣ በዚያው ሰዓት የመስኮቱ ዳር በተገዛ እንፋሎት ይሞቃል። ይህንን የሚጣል ሙቀት ይዞ ወደ መስኮቱ ዳር የሚመልስ የሙቀት ፓምፕ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ለእንፋሎት የተሠሩት ቧንቧዎችና ራዲያተሮች ዝቅ ባለ ሙቀት ለሚሠራ ውሃ አይሆኑም፤ ተከራይ የያዘውን ፎቅ ሁሉ መነካካት ያስፈልጋል። ያኔ በተሠራው መስኮትና ንጣፍ የማሞቂያው ሸክም ስለቀነሰ፣ የሚያስፈልገው ፓምፕ ቢያንስ ትልቅ አይሆንም። ሥራው በስንት ጊዜ እንደሚከናወን የሚወስኑት የቺለሮቹ ቀጣይ የመለወጫ ዘመን፣ የየፎቁ የኪራይ ውል ማብቂያና የእንፋሎቱ ዋጋ ናቸው።